የየት አገር ማር ነው?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ መጠጥ ነው። «ደግሞ ልትሰብኪን ነው?» እንዳትሉኝ! ጠጡም አትጠጡም አልልም። የምትጠጡ ከሆነ ግን ምን እንደምትጠጡ እወቁ ነው ነገሩ።

እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከወይን ፍሬ የሚሠራውን መጠጥ እኛ ምን ብለን ነው የምንጠራው? «ወይን ጠጅ»! ስሙን የተዋሰው ከጠጅ ነው። በቋንቋችን ባለቤቱ ጠጅ፣ እንግዳው ወይን ነው ማለት ነው። ዛሬ ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ወይን ጠጅ ሲባል ነጭ የጠረጴዛ ልብስና ሻማ ይታየናል። ጠጅ ሲባል ደግሞ የቆርቆሮ አጥር፣ ረጅም አግዳሚ ወንበርና ከቀትር በኋላ ሞቅ ያላቸው ሽማግሌዎች...

ይህን ያነሣሁት አንድ ወጣት በላከልኝ ደብዳቤ ምክንያት ነው። ልጁ በመጪው ጥር ያገባል። እጮኛው «ሠርጋችን ላይ ጠጅ የሚባል ነገር እንዳላይ፤ ጓደኞቼ ፋራ ይሉናል፤ የውጭ ወይን ይግባ» ብላለች። እናቱ ደግሞ «ጠጅ የሌለበት ሠርግ ሠርግ አይባልም፤ እኔን አትጠብቁኝ» ብለዋል። እሱ መሐል ቆሞ «አንቺ ምን ትያለሽ?» ይለኛል። ወንድሜ፣ በእናትና በሚስት መሐል ገብቼ አልፈርድም! አንድ ነገር ግን መልሼ ጠየቅሁት። ለመሆኑ እጮኛህ የማር ጠጅ ቀምሳ ታውቃለች? መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «አንድ ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር ጠጥታ ራሷን ሲፈልጣት አደረ።»

እንዲያ በለኛ! ልጅቱ የጠላችው ጠጅን ላይሆን ይችላል። የጠላችው ስኳር ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጠጅ ማለት ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው። አለቀ። ማር ሲወደድ ግን ነጋዴው ማሩን ይቀንስና ስኳር ይጨምራል። የባሰበት ደግሞ ማሩን ጨርሶ ይተውና ስኳሩን በጌሾ አፍልቶ ቢጫ ቀለም ጣል ያደርግበታል። እርሾ ስኳር ቢሰጡትም ይበላል፤ ይፈላል፣ ያሰክራል። ከአበባው የመጣ ሽታና ጣዕም ግን ከየት ይምጣ?

ይህን ብዬ ዝም ማለት አላስቻለኝምና ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተማውን ዞርኩ። ታናሽ ወንድሜን አስከትዬ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን ጠጅ ቤት ስትገባ ስንት አንገት እንደሚዞር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የሚገርመው ጠጁን የሚጥሉት በአብዛኛው ሴቶች መሆናቸው ነው።

በትልልቆቹ ጠጅ ቤቶች ብዙ አልቆየሁም። የምፈልገው በገዛ ግቢያቸው ሁለት ሦስት ጋን የሚጥሉትን ነበር። በአገራችን የወይን ነገር የጥቂት ፋብሪካዎች ሥራ ነው። ጉደሩም አክሱማይቱም የፋብሪካ ነው። በ2006 ዓ.ም የዝዋዩን ወይን ገበያ ያወጣውም ትልቅ የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር። ፋብሪካ የሚለፋው ጣዕሙ ዓመት ከዓመት እንዳይለዋወጥ ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ አልንቀውም። የቤት ጠጅ ግን ከግቢ ግቢ፣ ከማር ማር፣ ከወር ወር ይለያያል። ማሰስ ለሚወድ ሰው ደስታው እዚያ ነው።

በአንድ ሆቴል ወይን የሚያስተናግድ ጓደኛ አለኝ። እንደነገረኝ፣ ሻምፓኝ በሚባለው የፈረንሳይ አውራጃ ስመ ጥሮቹ ቤቶች ብዙውን ፍሬ የሚገዙት ከትንንሽ ገበሬዎች ነው። ከገበሬዎቹ አንዳንዶቹ ግን «ለምን ራሳችን አንሠራውም?» ብለው የማሳቸውን ፍሬ በገዛ ስማቸው ያሽጋሉ። የእነሱ ጠርሙስ የሚታወቀው ወረቀቱ ላይ በደቃቁ በተጻፉ ሁለት የላቲን ፊደላት ነው፤ «አር» እና «ኤም»። አዋቂ ጠጪ መነጽሩን አድርጎ እሷን ይፈልጋል አለኝ። የእኛ ጠጅ ደግሞ ወረቀትም የለው፣ ፊደልም የለው። ስለዚህ እኔ በፊደሉ ፈንታ አንዲት ጥያቄ ይዤ ዞርኩ፤ «የየት አገር ማር ነው?»

ጥያቄዋ ትንሽ ናት፤ ግን ታበጥራለች! «ንጹሕ ማር ነው፣ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?» ያለኝ ቤት ብዙ ነው። «ከመርካቶ ነው» ያለኝም አለ። መርካቶ ስንት ነገር ሲራባ አይቻለሁ፤ ንብ ሲረባ ግን አላየሁም።

ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ካለ ሰፈር ያገኘኋቸው እናት ግን ጥያቄዬን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝ። «ማር ታውቂያለሽ እንዴ?» አሉኝ። «አላውቅም፤ ላውቅ ብዬ ነው እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያ ቁጭ በይ!»

ማራቸው የጎጃም ነው። ወንድማቸው አገር ቤት አሉ፤ ኅዳር ላይ የተቆረጠውን ይልኩላቸዋል። አደይ አበባውና መጩ ሜዳውን ቢጫ ሲያደርገው ንቡ የቀሰመው ነው። ማሩን ከነሰፈፉ በውሃ ይበጠብጡታል፤ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውሃ። «አራትም አምስትም የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ እጄ እንቢ ይለኛል» አሉኝ። ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ተገፍፎ ለብቻው ይቀመጣል፤ ቀልጦ ለጧፍ ሠሪ ይሸጣል። ጋኑ አስቀድሞ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ጌሾው፣ ቅጠሉ ሳይሆን እንጨቱ፣ ተከትክቶ ይቀቀልና ይገባበታል። ከገበያ የሚገዛ እርሾ የለም። ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ጋር የሚኖረው ይበቃል። ሙቀት ሲሆን በሳምንትም ይደርሳል፤ በእንጦጦ ብርድ ግን ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

ሲቀዱልኝ መጀመሪያ ከብርሌው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው እሳቸው ቀመሱ። «መርዝ የለበትም ማለት ነው» ብለው ሳቁ። የጥንት ወግ ነው። በዚያ ዘመን ጠጅ የመኳንንት መጠጥ ነበር። ባላገሩ ማሩን ይገብራል፣ እሱ ጠላውን ይጠጣል። ጠጅ አሳላፊው በጌታው ፊት ቀምሶ ነበር የሚያቀርበው። እኛ ዛሬ ፋራ የምንለው መጠጥ ለአያቶቻችን አያቶች የማይደረስበት ነበር እኮ!

ጣዕሙን እንዴት ልንገራችሁ? መጀመሪያ የወይራው ጢስ በስሱ ይመጣል። ከዚያ ጌሾው ምላስ ላይ መረር ይላል። ዋጥ ካደረጋችሁት በኋላ ነው ማሩ ተመልሶ አፍንጫ ላይ የሚሸተው። ጣፋጭ ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ማሩ ራሱ እንጂ ጣፋጩ የለም፣ እርሾው በልቶታል። ወንድሜ ሁለተኛ ብርሌ ሲያስቀዳ በዓይኔ ገሰጽኩት፤ አልሰማኝም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እኚህ እናት በፊት በወር ስድስት ጋን ይጥሉ ነበር። አሁን ሁለት ነው። ብዙውን ይወስድላቸው የነበረ የጠጅ ቤት ባለቤት አንድ ቀን መጥቶ «ማሩን ግማሽ ያድርጉት፤ ስኳሩን እኔ አመጣለሁ፤ እርስዎ እጅዎን ብቻ ይስጡኝ» አላቸው። «ስኳር ለቡና ነው፤ ጋኔ ውስጥ ምን አመጣው?» ብለው መለሱት። በዚያው ቀረ። ደንበኞቹ ልዩነቱን እንዳላወቁበት ሰምተዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከአራቱ ጋን መቅረት ይልቅ ይህኛው ነው ፊታቸውን ያጠቆረው።

ጭንቁ ደግሞ የሚመጣው ኅዳር ላይ ነው። ማር ሲቆረጥ በአንድ ጊዜ ገንዘብ ይጠይቃል። የእቁብ ብራቸውን እዚያ ላይ ነው የሚያፈሱት። ያኔ ያልገዙትን ማር መጋቢት ላይ ቢፈልጉት ወይ አይገኝም፣ ወይ አይቀመስም። ዘንድሮ የስንት ጋን ማር ይግዙ? ለስድስት ገዝተው ጠጪ ቢጠፋስ? ለሁለት ብቻ ከገዙ ደግሞ በአራቱ ጋን ይከፈል የነበረው የቤት ኪራይ ከየት ይምጣ? «ልጅዎ አያግዝዎትም ወይ?» ብላቸው «ልጄማ ባንክ ነው የምትሠራ!» አሉኝ። ኩራት ነበረበት። በጠጁ ነዋ ያስተማሯት።

ሌሎችም አሉ። ኮተቤ አካባቢ የእናንተው ቢጤ ወጣት አገኘሁ፤ ማሩ ከሸካ ጫካ፣ ረጃጅም ዛፍ ላይ ከሚሰቀል ቀፎ ነው። አባቱ ናቸው የሚቆርጡት። ጠጁ ጠቆር፣ ወፈር ይላል፤ እኔ ግማሽ ብርሌ በቃኝ፣ ወንድሜ ግን ወደደው። ሌላዋ የላስታ ልጅ ናት፤ በነጭ ማር የምትጥለው ጠጅ መልኩ ከውሃ ትንሽ ቢለይ ነው። ጠጅ ቢጫ ካልሆነ የተበረዘ ይመስለኛል የምትሉ ሁሉ እሷ ዘንድ ሄዳችሁ ታረቁ። የእሷ አገር የማር አገር ነው። ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው፣ ስሙም ከዚያ መጣ ይባል የለ!

እንግዲህ ማሰስ ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልበል። መልኩ እንደ ብርቱካን ለስላሳ የሚያበራውን ጠርጥሩት። የማር ጠጅ ብዙውን ጊዜ ደፍረስ ይላል፣ አያስፈራችሁ። ማር እንገዛለን ለምትሉም፣ የረጋ ማር «ስኳር ገብቶበት ነው» ተብሎ ሲሸሽ አያለሁ። ተሳስታችኋል! ንጹሕ ማርም ይረጋል፤ ነጩ ማር በተለይ።

ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ሲሏችሁ ደግሞ ነገሩ የዕድሜ ነው። ለስላሳው ገና ያልበሰለ፣ ጣፈጥ የሚል ነው። ደረቁ በደንብ የፈላ ነው። ጥሩ ደረቅ ጠጅ ከቢራ ይበረታል፣ አንዳንዱ ከወይን አይተናነስም። «ጠጅ እኮ ነው» እያላችሁ በቢራ ልክ የምትደረድሩ ጀለሶቼ ጠዋት እንዳትወቅሱኝ።

ዋጋው? ከስኳሩ ጠጅ በጣም ይወደዳል። ካልተወደደ መጠርጠር ነው። ለአንድ ጠርሙስ የውጭ ወይን ሳትከራከሩ የምትከፍሉ ሰዎች ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ በአንድ ሃይላንድ ጠጅ ላይ «አይቀንሱም?» ስትሉ ማየት ያናድደኛል።

ወደ ሙሽራው ልመለስ። ወንድሜ፣ እጮኛህን ይዘሃት ሂድ። እናትህንም ጨምር። ሦስት ቦታ ይቅመሱ፣ አይጨቃጨቁ፣ ይቅመሱ ብቻ። ካልወደደችው አልወደደችውም፤ ወይኑም ይግባ፣ ጠጁም ለሚፈልግ ይቀመጥ። ሠርግህ ጥር ከሆነ ግን ጊዜህ አጭር ነው። ማሩ ኅዳር ላይ ሲቆረጥ ለጣይዋ ቀብድ ስጣት፤ በአዲሱ ማር ትጥልልሃለች። ቀብዱ ላንተ ትንሽ ነው፤ ለሷ ማሩን የምትገዛበት ነው። አልኮል ለማይጠጡት ዘመዶችህ ብርዝ አስበጥብጥ፤ ያው ማርና ውሃ ነው፣ በዚያው ቀን ከተጠጣ አያሰክርም። ካደረ ግን መፍላት ይጀምራልና ከልጆች አርቀው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጠጁን በጀሪካን የምትወስዱ ከሆነ አትሙሉት፣ ክዳኑንም አጥብቃችሁ አትዝጉት። የቤት ጠጅ በመንገድም መፍላቱን አይተውም። አንዱ ዘመዳችን በታክሲ ወንበር ሥር አስቀምጦ ሲሄድ መገናኛ ላይ ፈንድቶ ተሳፋሪውን ሁሉ ጠጅ በጠጅ አድርጎት ነበር። ሾፌሩ የማጠቢያ አስከፍሎታል።