ሳህን ይዘሽ ነይ

በሜልበርን ምዕራብ፣ ፉትስክሬይ አካባቢ የምትኖር አንዲት የአገሬ ልጅ ቡና አፍልታ ያጫወተችኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሏል። አገሩን ከረገጠች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ከልጇ ትምህርት ቤት ለዓመቱ መዝጊያ የጥሪ ወረቀት መጣላት፤ መጨረሻው ላይ «ብሪንግ ኤ ፕሌት» ይላል። ቃላቱን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፦ ሳህን ይዘሽ ነይ። ሳህን ቢያንሳቸው ነው ብላ ካሏት ሁሉ የሚያምረውን አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሄደች። የሌሎቹ ወላጆች ሳህን ግን ኬክና ሳንድዊች ሞልቶበታል። ለካ በአውስትራሊያኖች አነጋገር «ሳህን አምጪ» ማለት ለሁሉም የሚቀርብ ምግብ ይዘሽ ነይ ማለት ነው። ባዶ ሳህኗን ደረቷ ላይ አቅፋ ግድግዳ ሥር ቆመች። ማንም ምንም አላላትም፤ እሷን ያሳፈራትም ይኸው ዝምታ ነው።

እንግሊዝኛ አልጎደላትም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ለአዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ እሷም ከክፍል ቀርታ አታውቅም። ያልተማረችው የመንገዱን እንግሊዝኛ ነው። ከሰዓት በኋላ «አርቮ» ይባላል፤ ነዳጅ ማደያ «ሰርቮ»፣ የሥራ መሀል ዕረፍት «ስሞኮ»፣ የአምቡላንስ ሠራተኛ «አምቦ»።

ይህን ቃል ማሳጠር የምላስ ስንፍና የሚሉት አሉ። እኔ ቁልምጫ ነው እላለሁ። እኛ ተስፋዬን ተስፍሽ፣ ሙሉጌታን ሙሌ እንደምንለው እነሱም ዴቪድን ዳቮ፣ ጋሪን ጋዛ ይሉታል። እኛ ግን የምናቆላምጠው ሰውን ነው፤ እነሱ ሙያውንም ያቆላምጡታል። የጫካ ቃጠሎ ውስጥ የሚገባውን እሳት አጥፊ «ፋየሪ» ሲሉት ፍቅራቸው ይሰማኛል።

ለእኔ የከበደኝ «ማይት» ነበር፤ ጓደኛዬ፣ ወዳጄ እንደማለት ነው። አንቱ እየተባለ ባደገ ጆሮ፣ የአውቶቡስ ሾፌር ሽማግሌውን በዚህ ቃል ሲጠራ መስማት ይጎረብጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካንቤራ ላይ የፓርላማው ጥበቃዎች ሰውን «ማይት» ብለው እንዳይጠሩ ታዘው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ሃዋርድ ሳይቀሩ ተቃወሙ፤ ትእዛዙም ወዲያው ተነሣ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጆሮዬ ተለወጠ። ዘበኛው የምክር ቤት አባሉን በእኩያ ስም የመጥራት መብቱ የተከበረበት አገር ነው። እርግጥ ቃሉ በቀዘቀዘ ድምፅ ሲነገር ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ ይህንንም ለመጤው የሚነግረው የለም።

«ያካ» የሚለው ቃልም ብርቱ ሥራ ማለት ነው፤ የመጣው በብሪዝበን ምድር ከነበሩት ነባር ሕዝቦች ከያጋራ ቋንቋ ነው። መሬቱ የተወሰደበት ሕዝብ ቃል የሠራተኛው ሁሉ ቃል ሆኖ መቅረቱ በየክፍሉ ሊነገር ይገባል።

የአዲስ መጤዎችን የእንግሊዝኛ መምህራን የምለምነው ከሰዋስው ሰዓት ላይ ጥቂት ቀንሰው ለዚህ ለመንገዱ እንግሊዝኛ እንዲያውሉት ነው። ማስተማሪያ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚታየው፣ ብሪዝበን ውስጥ የተሠራው «ብሉዊ» የተባለ የልጆች ካርቱን የአውስትራሊያኖችን የቤት አነጋገር እንዳለ ያሰማል፤ እናትና ልጅ አብረው ሊማሩበት ይችላሉ።

ያ ሳህን ዛሬም ቡፌዋ ውስጥ አለ። እንግዳ ሲመጣ አታወጣውም።