በሳንባ ላይ የታየች ነጥብ

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን የምንነጋገረው የብዙ ቤተሰቦችን እንቅልፍ ስለምትነሳ አንዲት ቃል ነው። አባት ሳል ጸንቶባቸው፣ ወይም ልጅ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ሲመረመር የደረት ራጅ ይነሳል። በውጤቱ ወረቀት ላይ «በቀኝ ሳንባ ኖዱል ታይቷል» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ሰላም ያጣል። አንዱ ሲቲ ስካን ይደረግ ይላል፤ ሌላው ኤም.አር.አይ ይበልጣል ባይ ነው፤ ከውጭ የሚደውለው ዘመድ ደግሞ «ፔት ስካን ካልሆነ ዋጋ የለውም» ይላል። በሬ ይሸጣል፤ የዕቁብ ሰብሳቢ ይለመናል። እኛ ግን መሣሪያዎቹ ከርካሹ እስከ ውዱ በአንድ መስመር የሚደረደሩ አይደሉም እንላለን። እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ የተለየ ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ኖዱል የበሽታ ስም አይደለም። በሳንባ ውስጥ የታየች፣ ክብ መሰል፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማትበልጥ እብጠት ሁሉ በዚህ ስም ትጠራለች። የዳነ ቲቢ የተወው ጠባሳ ልትሆን ትችላለች፤ ጉዳት የሌለው ዕጢ ወይም ካንሰርም ልትሆን ትችላለች። እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያወናብደናል። ታላላቆቻችን ቲቢን «የሳንባ ነቀርሳ» ይሉታል፤ ካንሰርንም «ነቀርሳ» እንላለን። ስለዚህ ቤተሰብ «ቲቢ ነው ወይስ ካንሰር?» ብሎ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቅ። አንዱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት የሚድን ሲሆን የሌላው መንገድ ሌላ ነው።

ራጅ፣ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ጨረሩን እ.ኤ.አ. በ1895 ካገኘው ወዲህ የደረት ምርመራ መጀመሪያ ሆኖ ቆይቷል። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ በደቂቃዎች ያልቃል። የሳንባ ምችን፣ በደረት የተጠራቀመ ውሃን፣ የተስፋፋ ቲቢን ያሳያል። ጉድለቱ ጥላ መሆኑ ነው። የጎድን አጥንት፣ ልብና ትልልቅ የደም ሥሮች በአንድ ፊልም ላይ ይነባበራሉ። ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰች ኖዱል ብዙ ጊዜ አትታይም፤ ከልብ ጀርባ ከተደበቀች ደግሞ ከዚያ የምትበልጠውም ታመልጣለች። በተቃራኒው የጡት ጫፍ ጥላ ወይም የልብስ ቁልፍ ኖዱል መስሎ ሰውን በከንቱ ያስደነግጣል።

ሲቲ ስካንም የሚጠቀመው በዚያው በራጅ ጨረር ነው። ልዩነቱ አካልን በቀጫጭን ምስሎች ከፋፍሎ ማሳየቱ ነው። ድፎ ዳቦ ሳይቆረጥ በውስጡ ያለችውን ጥቁር አዝሙድ ማን ያያል? በስሱ ሲቆረጥ ግን ትታያለች። እንዲሁ ሲቲ ስካን ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህለውን ኖዱል ይለያል፤ ጠርዟ ለስላሳ ይሁን ሻካራ፣ በውስጧ ካልሲየም ይኑር አይኑር ያሳያል።

ሁለቱ በአሜሪካ በትልቅ ጥናት ተነጻጽረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ በወጣው በዚህ ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 74 የሆነ፣ በቀን አንድ ፓኬት ሲጋራ ለ30 ዓመት ወይም ያንኑ ያህል ያጨሱ፣ ከ53,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ በየዓመቱ ራጅ፣ ግማሾቹ ዝቅተኛ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን ለሦስት ጊዜ ተነሱ። በሲቲ ስካን ቡድን በሳንባ ካንሰር የሞቱት በ20 በመቶ አነሱ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በየዓመቱ ራጅ መነሳት በሳንባ ካንሰር የሚሞተውን ሰው ቁጥር እንደማይቀንስ አሳየ። እንግዲህ ሲቲ ስካን አሸነፈ ማለት ነው? በዚህ ጥያቄ፣ አዎን።

ነገር ግን ጥናቱ ሌላም ገጽ አለው። ከሲቲ ስካን ምርመራዎቹ 24 በመቶ ያህሉ «የሚያጠራጥር ነገር አለ» የሚል ውጤት ሰጡ፤ በራጅ 7 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በሲቲ ስካን ከተጠረጠሩት 100 ውጤቶች ደግሞ 96ቱ ካንሰር አልነበሩም። የአንድን ሰው ሕይወት ከሳንባ ካንሰር ለማትረፍ 320 ያህል ሰዎች መመርመር ነበረባቸው። ይህ ለብዙ ዓመታት ላጨሰ ሰው የሚያዋጣ ሂሳብ ነው፤ ላላጨሰ የ25 ዓመት ወጣት ግን አይደለም። (ሺሻ «በውሃ ስለሚያልፍ አይጎዳም» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጥበውም።)

ጨረሩንም እንመልከት። የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ ዝቅተኛ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን 1.5 ገደማ፤ የተለመደው ሲቲ ስካን ደግሞ ከ6 እስከ 7 ይደርሳል። ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት ከ2 እስከ 3 የሚሆን ስለምንቀበል አንድ ሲቲ ስካን የሚያስፈራ አይደለም፤ ያለ ምክንያት መደጋገሙ ግን ተገቢ አይደለም። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት አስቀድማ ትንገራቸው።

በሲቲ ስካን ኖዱል ከተገኘስ? ብዙ ጊዜ ዋናው መሣሪያ ጊዜ ነው። የደረት ምስል ሐኪሞች የሚከተሉት የፍላይሽነር ማኅበር መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስቀመጠው፣ ዕድሜው ከ35 በላይ ሆኖ ለካንሰር የሚያጋልጥ ነገር የሌለበት ሰው ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰች አንዲት ጠጣር ኖዱል ብትገኝበት መደበኛ ክትትል አያስፈልገውም። ከ6 እስከ 8 የሆነች ከሆነ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሲቲ ስካኑ ይደገማል። «ሐኪሙ ዝም ብሎ ሰደደን» ብለው የሚያማርሩ ቤተሰቦች አሉ፤ መጠበቁ ግን ራሱ ምርመራ ነው። ከ8 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ያደገች ኖዱል በዓይን ሲታይ ትንሽ ለውጥ ትመስላለች፤ ይዘቷ ግን በእጥፍ ገደማ ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የኔዘርላንድና የቤልጂየም ጥናትም በዚሁ ይዘትን በመለካት ላይ የተመሠረተ ነበር።

አሁን ዘመድ ከውጭ ወደሚመክረው ወደ ፔት ስካን እንምጣ። ፔት ስካን የሚፈልገው ቅርጽን ሳይሆን ስኳርን በብዛት የሚበላ ሕዋስን ነው። ጥቂት ጨረር ያለው ስኳር በደም ሥር ይሰጣል፤ ካንሰር ብዙ ስለሚወስድ በምስሉ ላይ ይደምቃል። ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነች አጠራጣሪ ኖዱል፣ ወይም ካንሰር መሆኑ ታውቆ የት የት እንደተዛመተ ለማየት ትልቅ ጥቅም አለው። ችግሩ ቲቢም ስኳር ይበላል! ቲቢ በበዛበት እንደኛ ባለ አገር የደመቀች ነጥብ ሁሉ ካንሰር አይደለችም። በጣም ትንሽ የሆነ ወይም ቀስ ብሎ የሚያድግ ካንሰር ደግሞ ላይደምቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ለፔት ስካን ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት አክታውን ያስመርምር። ለፔት ስካን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ መቆየት ስለሚያስፈልግ የስኳር ሕመምተኛ አስቀድሞ ይናገር። በረመዳን የሚነሳ ሰውም መርፌ በደም ሥር እንደሚወጋና ከዚያ በኋላ ውሃ ጠጣ ሊባል እንደሚችል አውቆ ዑለማዎችን ቀድሞ ይጠይቅ።

ኤም.አር.አይ ለአንጎልና ለጀርባ አጥንት ድንቅ ነው፤ ጨረርም የለውም። ሳንባ ግን አየር የሞላበትና የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ለትናንሽ ኖዱሎች ከሲቲ ስካን ያንሳል። አልትራሳውንድ በአየር ውስጥ ስለማያልፍ የሚጠቅመው በደረት የተጠራቀመ ውሃን ወይም ከደረት ግድግዳ የተጠጋ ነገርን ለማየት ነው። ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው ደግሞ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

ከሁሉ የሚረክሰውን መሣሪያ ለመጨረሻ አቆይተነዋል፤ እርሱም በቁም ሣጥን ላይ አቧራ የለበሰው አሮጌ ፊልም ነው። ጠጣር ኖዱል ለሁለት ዓመት ምንም ሳታድግ ከቆየች ብዙውን ጊዜ አደገኛ አይደለችም። ከሁለት ዓመት በፊት ለጉዞ የተነሳው ራጅ ያቺኑ ነጥብ በዚያው መጠን ካሳየ ሐኪሙ የሲቲ ስካኑን ወጪና የወራት ጭንቀት ሊያስቀርላችሁ ይችላል። ስለዚህ የውጤቱን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውን ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ስምና ቀን መጻፉን አረጋግጡ። ፊልሙን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ በፖስታው ውስጥ አስቀምጡት፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ይዛችሁት ሂዱ።