ትኋንና ዝምታ፦ ማረፊያ ቤቶች ሊተዉት የሚገባ ልማድ

አንድ መንገደኛ መሽቶበት ወደ ከተማ ይገባል። ከመናኸሪያው አቅራቢያ ካሉት ማረፊያዎች በአንዱ አልጋ ይይዝና ሻንጣውን ፍራሹ ላይ ጥሎ ይተኛል። እኩለ ሌሊት ላይ አንገቱንና ክንዱን እያከከ ይነቃል፤ መብራት ሲያበራም ከትራሱ ሥር ወደ ራስጌው የምትሮጥ ነገር ያያል። ጠዋት ቁልፉን ሲመልስ ግን ምንም አይናገርም፤ ነገሩ ያሳፍረዋል፣ አውቶቡሱም ሊያመልጠው ነው። ክፍሉን የምታጸዳው ሠራተኛ በአንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አይታ ዝም ብላ ታጥባለች፤ ብትናገር ጥፋቱ በእርሷ ላይ እንደሚላከክ ታውቃለች። የቤቱ ባለቤትም ወሬው እንዳይወጣበት ይሰጋል። ሦስቱም ዝም ሲሉ፣ ከዝምታው የምትጠቀመው ትኋን ብቻ ናት።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። ትኋን በአንድ ማረፊያ ቤት መገኘቷ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ብሂል ከሰው አልፎ ለቤትም ይሠራል።

ቆሻሻ ያልጠራት እንግዳ

ሰውን የሚነክሱት የትኋን ዝርያዎች በዋናነት ሁለት ናቸው፤ በመካከለኛ የአየር ጠባይ የሚበዛው ሳይሜክስ ሌክቱላሪየስና በሞቃት አገሮች የሚበዛው ሳይሜክስ ሄሚፕተረስ። ሁለቱም አይበሩም፣ እንደ ቁንጫም አይዘሉም። ያደገች ትኋን የምስር ፍሬ ብታክል ነው፤ ሰውነቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ በጣም በጠበበ ስንጥቅ ውስጥ ትሸሸጋለች። ሳትመገብም ለወራት መቆየት ትችላለች።

ምግቧ ደም ብቻ በመሆኑ ፍርፋሪም ሆነ ጉድፍ አይስባትም። የሚስባት የተኛ ሰው የሰውነት ሙቀትና ከትንፋሹ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የተዝረከረከ ክፍል መደበቂያዋን ያበዛላታል እንጂ እርሷን አይፈጥራትም። ስለዚህ ባለ ብዙ ኮከቡ ሆቴልም ሆነ ተራው አልጋ ቤት ከእርሷ ነፃ ነኝ ማለት አይችልም፤ በሁለቱም በየምሽቱ አዲስ ሰው አዲስ ሻንጣ ይዞ ይገባል። የፈረንሳይ የጤና ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት ከ2017 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ከአገሪቱ ቤተሰቦች 11 በመቶ የሚሆኑት ቤታቸው በትኋን ተወሯል። በበለጸገ አገር ይህ ከሆነ፣ ትኋንን የድህነትና የስንፍና ምልክት አድርጎ መቁጠር መሠረት የለውም።

ትኋን በተፈጥሯዊ ሁኔታ በሽታን ወደ ሰው እንደምታስተላልፍ አልተረጋገጠም። ይህ የሚያጽናና ቢሆንም ጉዳዩን ተራ አያደርገውም። ማሳከኩ፣ ተቧጭሮ የሚያመረቅዘው ቁስል፣ ከሁሉም በላይ የእንቅልፍ ማጣቱና ከጉዞ በኋላም የማይለቀው ሥጋት እውነተኛ ጉዳት ናቸው።

የመንገደኛው ድርሻ

መንገደኛው ራሱን የሚጠብቅበት ዘዴ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ወደ ክፍሉ ሲገባ ሻንጣውን አልጋው ላይ ሳይሆን መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ወይም ከአልጋው ርቆ ጠረጴዛ ላይ ያኑር። ከዚያ አንሶላውን ከራስጌው በኩል ገልጦ የፍራሹን ስፌትና ጠርዝ፣ የአልጋውን መጋጠሚያዎችና የራስጌውን ጀርባ በስልኩ መብራት ይመርምር። የሚፈልገው ነፍሳቷን ብቻ አይደለም፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲነኩት እንደ ቀለም የሚሰራጭ ጥቁር ነጥብ፣ የተገፈፈ ስስ ቆዳና ነጣ ያለ ጥቃቅን ዕንቁላል ምልክቶቿ ናቸው።

ምልክት ካገኘ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለኃላፊው ወዲያውኑ ይንገር፤ የሚለወጥለት ክፍል ግን ከተወረረው ጋር ግድግዳ፣ ጣሪያ ወይም ወለል የሚጋራ መሆን የለበትም። የቆዳ እብጠት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ንክሻው ከታየ በኋላ ሳይሆን ከተነከሰ ከቀናት በኋላ ምልክት ያወጣል፣ በሌላው ላይ ጨርሶ አይታይም። በመሆኑም ትናንት ያደረበትን ቤት የሚወቅስ መንገደኛ የተነከሰው ከዚያ በፊት ባደረበት ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሲመለስም ሻንጣውን መኝታ ክፍል ሳያስገባ ልብሱን በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ ውኃ ቢያጥብ፣ የሻንጣውንም ስፌት ቢፈትሽ ተባዩን ለቤተሰቡ ከማስተላለፍ ይድናል።

የቺካጎው ትምህርት

የመደበቅ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ የነበረው ክርክር ነው። ሞቴል 6 በተባለው ስም ይሠራ በነበረ ባለ 191 ክፍል ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1998 የተባይ ማጥፊያ ባለሙያዎች በአንዳንድ ክፍሎች ትኋን አገኙ። ሁሉንም ክፍሎች በ500 ዶላር ለመርጨት ቢያመለክቱም ማረፊያው ሳይቀበላቸው ቀረ። በ2000 ሥራ አስኪያጇ ቤቱ ለጊዜው ተዘግቶ ሁሉም ክፍሎች እንዲረጩ ሐሳብ አቀረበች፤ ከበላይ አልተፈቀደላትም። «እስኪታከም አይከራይ» ተብሎ የተመዘገበ ክፍል ሳይቀር ተከራየ። ሠራተኞቹም ትኋኖቹን «መዥገር» ብለው እንዲጠሩ ታዘዙ፤ በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር መሆኗን እንኳ ያሰበ አልነበረም።

የተነከሱ ሁለት እንግዶች ከሰሱ። ለእያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ካሣና 186,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደላቸው፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቱም በ2003 በዳኛ ሪቻርድ ፖስነር በተጻፈ ውሳኔ ፍርዱን አጸና። 500 ዶላር ለማዳን የተጀመረው ነገር ከ380,000 ዶላር በላይ አስከፈለ። ያን ያህል መቀጫ ያስከተለው ትኋን መገኘቷ ሳይሆን እያወቁ እንግዳን በላይዋ ማስተኛታቸው ነበር።

ፍሊት ብቻውን ለምን አይበቃም

በአገራችን ባሉ ማረፊያዎች የተለመደው መፍትሔ ክፍሉን ፍሊት ነፍቶ በዚያው ምሽት ማከራየት ነው። የታሪክ ማስረጃ ግን ይህን አይደግፍም። ዲዲቲ ትኋንን ከምድር ያጠፋል ተብሎ በታመነበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በሃዋይ ፐርል ሃርበር ዲዲቲ የማይገድላቸው ትኋኖች ተገኙ። ዛሬም በብዙ አገሮች በተለመዱት የፓይሬትሮይድ መርጫዎች የማይበገሩ ትኋኖች ይገኛሉ። ነጭ ጋዝ በአልጋ ላይ ማፍሰስ እሳት መጋበዝ ነው፤ ለእርሻ የተሠራ መርዝ በመኝታ ክፍል መርጨትም ከተባዩ ይልቅ እንግዳውንና ሠራተኛዋን ይጎዳል።

ሙቀትን ግን ትኋን አትለምደውም። ከ50 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት በሚገባ ከደረሰባት እርሷንም ዕንቁላሏንም ይገድላል። አንሶላና ብርድ ልብስ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ስፌትና መጋጠሚያን በእንፋሎት መምታት፣ የግድግዳና የአልጋ ስንጥቆችን መድፈን ከመርጨት ጋር ተዳምረው ይሠራሉ። ዕንቁላሎቿ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ቀናት ውስጥ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ደግሞ ዘግይተው ስለሚፈለፈሉ፣ ክፍሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳግመኛ መመርመር አለበት።

ሊለመድ የሚገባው

ባለቤቶች «ብንናገር ደንበኛ ይሸሻል» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ የአንድ አነስተኛ አልጋ ቤት ገቢ በጥቂት ክፍሎች ላይ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ ደንበኛን ይበልጥ የሚያሸሸው ጠዋት ተነክሶ የወጣ እንግዳ ለዘመድ ወዳጁ የሚነግረው ነው። ከዚያ ይልቅ ክፍል ለውጦለት፣ ገንዘቡን መልሶለት፣ ይቅርታ የጠየቀውን ቤት እንግዳው በመልካም ያነሣዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢለመዱ መልካም ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ማረፊያ ትኋን የተገኘበትን ክፍል፣ የታከመበትንና ዳግም የተመረመረበትን ቀን የሚይዝ መዝገብ ይኑረው፤ የጤና ተቆጣጣሪዎችም ከትኋን መኖር ይልቅ የመዝገቡን አለመኖር እንደ ጥፋት ይቁጠሩ። ሁለተኛ፣ አንድ ክፍል ሲገኝበት ግራና ቀኙ፣ ላይና ታቹ አብረው ይመርመሩ። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ትኋን ያገኘች ሠራተኛ አትወቀስ፣ ደመወዟም አይቆረጥ። ፍራሹን በየቀኑ የምታነሣው እርሷ ናት፤ ከማንም አስቀድማ የምታየውም እርሷ ናት። እርሷ ሳትፈራ መናገር የምትችልበት ቤት ችግሩን በአንድ ክፍል ያስቀረዋል፤ የማትችልበት ቤት ግን ከመንገደኞቹ ሻንጣ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ይልከዋል።