አማካይ ውጤት ብቻውን አይመሰክርም

በአሜሪካ ስለ ቻርተር ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ እየተደገፉ ያለ ክፍያ ስለሚያስተምሩና በውል ስምምነት ራሳቸውን ችለው ስለሚመሩ ትምህርት ቤቶች፣ ደጋግሞ የሚታተም አንድ አስተያየት አለ፤ ይኸውም አማካይ የፈተና ውጤቱ ከአካባቢው መደበኛ ትምህርት ቤቶች የበለጠ ቻርተር የተሻለ ያስተምራል፣ ተማሪ የሚቀበለውም በዕጣ ስለሆነ የተማሪዎቹ ስብጥር አያጠያይቅም የሚል ነው። ሁለቱም መደምደሚያዎች ውኃ አይቋጥሩም።

አማካይ ውጤት ትምህርት ቤቱ ያስተማረውን ብቻ ሳይሆን ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣውንም ይለካል። ለምሳሌ በመደበኛው ትምህርት ቤት የባለጸጋ ልጆች 70፣ የድኻ ልጆች 50፣ በቻርተሩ ደግሞ 68 እና 48 ቢያመጡ፣ ቻርተሩ በሁለቱም ወገን ተበልጧል፤ ሆኖም የድኻ ልጆች ድርሻ በመደበኛው 60፣ በቻርተሩ 10 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ አማካዩ 58 ለ66 ሆኖ ተሸናፊው አሸናፊ መስሎ ይታያል።

ዕጣም የአመልካቾችን ዕድል ያስተካክላል እንጂ ማን እንደሚያመለክት አይወስንም፤ መጓጓዣ የሌለው ወይም ማስታወቂያው በሚገባው ቋንቋ ያልደረሰው ወላጅ ከዕጣው በፊት ይቀራል። የዕጣ እውነተኛ ጥቅም ለምዘና ነው፤ የቦስተን ቻርተሮችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን አመልካቾች አነጻጽረው ከፍተኛ መሻሻል ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። በአንጻሩ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የ2009 ጥናት በሒሳብ የተሻሉት ቻርተሮች 17 በመቶ፣ ያነሱት 37 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ የተማሪዎቹን መነሻና ስብጥር ሳይመረምር በአማካይ ብቻ የሚፈርድ ሁሉ ፍርዱ ጎደሎ ነው።