ችሎቱ ተዘጋ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ



ማክሰኞ ጥር 28 ቀን 2005 ማታ ኢቲቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘውን ፊልም ሲያሳይ እኛም የሶዶ ሙስሊሞች እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ቁጭ ብለን አየን። አወሊያ ላይ የመረጥናቸውን የመፍትሄ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ከቦኮ ሐራምና ከአልሸባብ ጋር ደባልቆ አሳየን። ፊልሙ እንዳይተላለፍ የፍርድ ቤት እግድ ነበረ። ተላለፈ!

በዚሁ በጥር ወር የእነ ኡስታዝ አቡበከር አሕመድ ችሎት ለሕዝብ ዝግ እንዲሆን ተደረገ። እናት ልጇ የተከሰሰበትን ማስረጃ ችሎት ገብታ መስማት አትችልም ነበር። ያው ጉዳይ ግን ተቆራርጦ፣ ሙዚቃ ታጅቦ ለሚሊዮኖች ታየ። ታዲያ ምስጢሩ የሚጠበቀው ከማን ነበር? እስረኞቹ ሲናገሩ የቀረጸው ካሜራስ የማን ነው? ጋዜጠኛ እንደልቡ ማዕከላዊ አይገባም ነበር፤ ጠበቃም ቢሆን ደጅ ጠንቶ ነበር። መርማሪው ራሱ ፊልም ሠሪ ከሆነ ዳኛው ምን ቀረው?

ይህ አዲስ አይደለም። በኅዳር 2004 እነ እስክንድር ነጋና አንዱዓለም አራጌ ገና ሳይፈረድባቸው «አኬልዳማ» ታየባቸው። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን «የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው» ብለን አለፍነው። አላህ ይቅር ይበለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ንጹህ ነው ይላል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ መገናኛ ብዙኃን የተለያየ አስተያየት ማስተናገድ እንዳለበት ይደነግጋል። የዚያን ምሽት የሁለተኛው ወገን ድምፅ የት ነበር?

እኛ በወላይታ ጥቂት ነን። ከፕሮቴስታንትና ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ እድር እንቀብራለን፤ ለጊፋታ ይጠሩናል፣ ለዒድ እንጠራቸዋለን። በማግስቱ ግን አንድ የመድረሳ ልጃችን ትምህርት ቤት «አልሸባብ» ተብሎ እያለቀሰ መጣ። ሌላው ደግሞ «ኡስታዝ፣ ሐረካት መማር እናቁም ወይ?» አለን። ፈትሐ፣ ከስራና ደማን ማለቱ ነው! የፊደል ምልክት የሚማር የሰባት ዓመት ልጅ እንዲፈራ ተደረገ። የሰደበውን ልጅ አንወቅስም፤ እሱም ያየው ያንኑ ቴሌቪዥን ነው።

ስለዚህ ጀመዓ፣ ጎረቤት ሲጠይቃችሁ አትቆጡ፣ አትሽሹም። ቡና አፍሉና ንገሩት። የጠየቅነው ሦስት ነገር ነው፦ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጂድ ይሁን፣ አሕባሽ በግድ አይጫንብን፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ያን ጊዜ አራተኛ ተጨመረ፤ ችሎቱ ይከፈት። ማስረጃ ካለ እዚያ ይቅረብ፤ ተከሳሾቹም ፊት ለፊት ይመልሱ፤ እናቶቻቸውም ገብተው ይስሙ አልን።

ድምፃችን ይሰማ!