ብርቱካንና ፓስፖርት ዘመዳሞች ናቸው
ግልጽ ደብዳቤ ለአንባቢ

ይድረስ ለተከበሩ አንባቢዬ፤

የምጽፍልዎ ከአፍዎ ስለማይጠፉ ጥቂት ቃላት ነው፤ ፓስፖርት፣ ኤርፖርት፣ ትራንስፖርት፣ ሪፖርት፣ ስፖርት። በእነዚህ ላይ ብርቱካንን ይጨምሩልኝ። «እሷን ከእነዚህ ጋር ምን አገናኛት?» ቢሉ አልፈርድብዎትም፤ ነገሩን ከሥሩ ላምጣው።

በላቲን «ፖርታሬ» መሸከም ነው፤ «ፖርቱስ» ወደብ፣ «ፖርታ» ደግሞ በር። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች ሦስቱንም ወደ አንድ ጥንታዊ ሥር ይመልሷቸዋል፤ የሥሩም ፍቺ ማለፍ፣ መሻገር ነው። በር የሚታለፍበት፣ ወደብ ተሻግረው የሚደርሱበት፣ ሸክም የሚሻገረው ነገር ነው።

ከመሸከሙ ልጀምር። «ትራንስ» ማለት ባሻገር ስለሆነ፣ ትራንስፖርት ተሸክሞ ማሻገር ነው። ኤክስፖርት ወደ ውጭ፣ ኢምፖርት ወደ ውስጥ። ሪፖርት ላይ ግን ቆም ይበሉልኝ። «ሬ» መመለስን ያመለክታል፤ ሪፖርትም ይዞ መመለስ ነው። እንግዲያው ሪፖርተር ማለት ሄዶ፣ አይቶ፣ ያየውን ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ነው። ለጋዜጠኛ ሥራ ከዚህ የሚሻል ፍቺ አላገኘሁም፤ ያልሄደ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል?

ስፖርት ዘሩን የደበቀ ቃል ነው። በድሮው ፈረንሳይኛ «ዴስፖርቴ» ማለት ሰውን ከሥራና ከሐሳብ ዞር አድርጎ ማዝናናት ነበር። እንግሊዞች «ዲስፖርት» ብለው ወሰዱት፤ በኋላም መነሻውን ቆርጠው «ስፖርት» አሉት። ከጣሊያንኛ በቀጥታ የመጣም ዘመድ አለ፤ በመኪና ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶመጋላ። ጣሊያኖች «ፖርታባጋሊ» ይሉታል፤ ዕቃ ተሸካሚ ማለት ነው። መካኒኩና ሹፌሩ ለአፋቸው እንዲመች አድርገው የራሳቸው አድርገውታል፤ እኔም የእነሱን አጠራር እመርጣለሁ።

ወደ ወደቡ ልውሰድዎ። ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዮስ ለሮም እህል የሚያመጡ መርከቦች የሚያርፉበትን ትልቅ ወደብ እ.ኤ.አ. በ42 ማሠራት ጀመረ። ስሙም ያው «ፖርቱስ» ሆነ። ፍርስራሹ ዛሬም ከሮም ፊውሚቺኖ ኤርፖርት አጠገብ አለ። ከአዲስ አበባ በአየር መንገዳችን ሮም የሚገባ መንገደኛ፣ ፓስፖርቱን የሚያሳየው የቃሉን ሥር በስሙ ከያዘ ወደብ ጎን ቆሞ ነው። ፓስፖርት በፈረንሳይኛ ወደብ ማለፊያ ነበርና።

ሮማውያን በዛሬው ፖርቹጋል፣ በዱሮ ወንዝ አፍ አካባቢ ላለ ቦታም «ፖርቱስ ካሌ» የሚል ስም ነበራቸው። ስሙ «ፖርቱካሌ» ሆነ፤ አገሪቱም ፖርቹጋል ተባለች። በእግር ኳስ ክለቧ የምናውቃት ከተማም ፖርቶ፣ «ወደቡ» ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የፖርቹጋል ነጋዴዎች ጣፋጩን ብርቱካን በሜዲትራኒያን ገበያ ሲያሰራጩት፣ ፍሬው በሻጩ አገር ስም ተጠራ። ቱርኩ «ፖርታካል»፣ ግሪኩ «ፖርቶካሊ»፣ ዓረቡ «ቡርቱቃል» አለው። የዓረቡ አጠራር ወደ እኛ ተሻግሮ ብርቱካን ሆነ፤ ከዚያም አልፎ የሴት ልጅ ስም። ከ«ብርቱ» ጋር ዝምድና የለውም፤ ድምፁ ገጥሞ ነው። ብርቱካን የተባለች እህት ካለችዎት ይህን ይንገሩልኝ፤ በስሟ ውስጥ የሮማውያን ወደብ አለ።

አንድ ዘመድ ቀርቶኛል። ላቲኖች ወደ ወደብ የሚነፍሰውን ምቹ ነፋስ «ኦፖርቱኑስ» ይሉት ነበር። በተማሪዎች እንቅስቃሴ ዘመን እንደ ድንጋይ ይወረወር የነበረው «ኦፖርቹኒስት» የተወለደው ከዚህ ነው፤ ነፋሱ ወደነፈሰበት የሚሄድ ሰው። አድርባይ የሚለው አማርኛችንም ሰውየውን ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልዎ ልጆቻችን ስለሚያሳዝኑኝ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲማር፣ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ዘመድ አልባ አድርጎ ይሸመድዳቸዋል። ደብተሩ በቃል ዝርዝር ይሞላል፤ ፈተናው ሲያልፍ ዝርዝሩም አብሮ ያልፋል። እኛ ግን ቃልን ከነሥሩ ማወቅ የቆየ ሙያችን ነው። የቅኔ ተማሪ ግሥ ሲያወርድ የሚለምደው ይህንኑ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጥለውት፣ ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት የግእዝ መዝገበ ቃላትም ቃላትን በየግሣቸው ሥር ይሰበስባል። ተሸከመ፣ ሸክም፣ ተሸካሚ፣ አሸከመ ብሎ ያደገ ልጅ «ፖርታሬ»ን ከነልጆቹ ለመያዝ ምን ይቸግረዋል?

ስለዚህ መምህር ከሆኑ ሥሩን ሰሌዳው ላይ ይጻፉና ዘመዶቹን ተማሪዎቹ ያምጡ። ወላጅ ከሆኑም እራት ላይ ይሞክሩት። መልክ የሚያሳስት እንዳለ ግን ያስጠንቅቁልኝ። ለምሳሌ «ፕሮፖርሽን» ውስጥ ያለችው «ፖርሽን» ክፍል፣ ድርሻ ማለት ናት፤ ከተሸካሚዎቹ ወገን አይደለችም። መዝገበ ቃላት ሳይከፍቱ ዝምድና መቁጠር አይገባም። ለመነሻ «ባቡር» የሚለውን ይስጧቸው፤ እንፋሎት ከሚለው የላቲን ቃል «ቫፖር» ተነሥቶ፣ በዓረቦች አፍ አልፎ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ፈልገው ያምጡ።

አክባሪዎ