21 ሲደመር 21፣ 42 አይሆንም

አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ማራቶን ለጨረሰ ሰው የሚፈቀድለት ዕረፍት አንድ ማኪያቶ እስኪጠጣ ድረስ ብቻ ነው። ሜዳሊያውን ገና ከአንገቱ ሳያወርድ ጥያቄው ይመጣል፤ «ሙሉውን መቼ ነው?» ጠያቂው ራሱ ታክሲ ሊያመልጠው ካልሆነ በቀር ሮጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ግን እንደ ባለሙያ ነው የሚጠይቀው። ኢትዮጵያዊ ነዋ! የአበበ ቢቂላ አገር ልጅ ስለ ማራቶን ለማውራት የግድ መሮጥ አለበት እንዴ?

ጠያቂውን እንተወው። የኔ ጠብ ከመላሹ ጋር ነው፤ «ምን አላት፣ ከሁለት ወር በኋላ» ብሎ ከሚመልሰው። ሁለት ወር! ይሄ ሰው ከታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ተነስቶ የሐዋሳን ግማሽ ማራቶን ለመጨረስ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። አሁን ግን ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ስምንት ሳምንት ይበቃዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ግማሹን ከጨረስኩ የቀረኝ ግማሹ ነው። ቲክቶክ ላይ ያገኘውን የስምንት ሳምንት ፕሮግራም ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለቀዋል፣ አርባ ሰው የእሳት ምልክት ያደርግበታል፣ አለቀ።

እኔ የምለው ይሄንን ነው። ከ21 ወደ 42 የሚወስደው መንገድ የወኔ ሳይሆን የዝግታ መንገድ ነው፤ ያውም አንድ ዓመት ሙሉ። እኛ ደግሞ ከምንም ነገር በላይ የምናፍረው ዝግ ማለትን ነው። ለምን? አሸናፊ እንጂ ሯጭ አይተን ስላላደግን።

እስኪ ሂሳቡን ከኃይሌ ገብረሥላሴ ጋር እንሥራው። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደነጋገሩ።) ኃይሌ በ2006 አሪዞና ውስጥ ግማሽ ማራቶንን በ58 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። እጥፍ ሲሆን 1 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይመጣል። በሕይወቱ የሮጠው ፈጣኑ ማራቶን ደግሞ የ2008ቱ የበርሊን ነው፤ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ። ስድስት ደቂቃ ከዘጠኝ ሰከንዷ የት ገባች? ሁለተኛው ግማሽ በላት። ኃይሌን ስድስት ደቂቃ ከበላች፣ 21ን በሁለት ሰዓት የምንጨርሰውን እኛን ስንት እንደምትበላን አስቡት። ያውም እሱ እዚያ የደረሰው በስምንት ሳምንት አይደለም። በ1996 እና በ2000 በ10 ሺህ ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ ሰው፣ በ2002 ለንደን ላይ በ2፡06፡35 ሦስተኛ ወጣ። ከለንደን እስከዚያ የበርሊን ሰዓት ስድስት ዓመት አለ።

ቀነኒሳስ? የ5 ሺህ እና የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖች በእጁ እያሉ በ2014 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን በ2፡05፡04 አሸነፈ። በቀጣዩ ጥር ዱባይ ላይ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ። 2፡01፡41 የሮጠው በ2019 ነው። በምድር ላይ ከእሱ የተሻለ ሳንባ ይዞ የተወለደ ሰው አለ ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። እሱን 30ኛው ላይ ያቆመ ርቀት ለአንተ መንገድ ይለቅልሃል?

ለመሆኑ እዚያ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ምን አለ? ጋኔን የለም። ባዶ ጎተራ ነው ያለው። ሰውነታችን ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚያስቀምጠው ስኳር (ግላይኮጅን የሚባለው) በግምት 2,000 ካሎሪ ቢሰጥ ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በአንድ ኪሎ ሜትር 60 ካሎሪ ገደማ ታቃጥላለች። 21 ኪሎ ሜትር ላይ 1,270 አካባቢ ትሆናለች፤ ተርፏት ትገባለች። 42 ላይ ግን 2,500 አልፏል። ግማሽ ማራቶን በትናንት እራት ይሮጣል፤ ማራቶን ግን አይሮጥም። ጉድለቱን የሚሞላው አንድም መንገድ ላይ የሚበላው ነው፣ አንድም ሰውነት ስብን ማቃጠል ሲለምድ ነው። ስብ ማቃጠል ደግሞ የሚለመደው እያወሩ በሚሮጥ ረጅም ሶምሶማ ነው እንጂ በየሳምንቱ ራስን በመግደል አይደለም።

ይሄ ቀላሉ ነው። ስኳር ቢያልቅብህ ትቀመጣለህ፣ ሙዝ ትበላለህ፣ ነገ ትስቅበታለህ። የማያስቀው አጥንት ነው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሽሽ «እንሂድ» ሲልሽ ቅልጥምሽ ገና አልተነሳም ማለት ነው። የስምንት ሳምንቱ ፕሮግራም የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፤ አምስተኛው ሳምንት ላይ አንበሳ የሆንሽ ይመስልሻል።

አንድ ጓደኛዬ አምስተኛው ሳምንት ላይ አንበሳ ነበረች። ስድስተኛው ላይ ቅልጥሟን ያማት ጀመር። የግሩፑ አሠልጣኝ «ይለቅሻል፣ ሩጪበት» አላት። ወጌሻ ጋር ሄዳ ታሸች። ታሽታ 28 ኪሎ ሜትር ሮጠች። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪም ቤት ሄዳ አጥንቷ እንደተሰነጠቀ የሰማችው። ሐኪሙ ከጠየቃት ጥያቄዎች አንዱ የወር አበባዋን ነበር። አምስት ወር ሆኖት ነበር ከቆመ። ለማንም አልተናገረችም፤ አንዲት ታላቅ ሯጭ «የስፖርተኛ ነገር ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው» ብላ ስላረጋጋቻት።

ጥሩ ምልክት አይደለም! በድምፅ ማጉያ ብናገረው ደስ ይለኛል። ብዙ እየሮጠች ትንሽ የምትበላ ልጅ ሰውነቷ መጀመሪያ የሚዘጋው ለዛሬ አያስፈልግም ያለውን ክፍል ነው። የወር አበባ ሲቆም አጥንትን የሚጠብቀው ሆርሞንም ይቀንሳል፤ አጥንት ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች በ2014 ስም አውጥተው የጻፉበት ጉዳይ ነው። እኛ ግን «ቀጠንሽ፣ አሁን ሯጭ መሰልሽ» እያልን እናጨበጭባለን።

«ግን እኮ ደማችን ውስጥ ነው» የምትለዋ ነገር ደግሞ አለች። ይቺን አረፍተ ነገር ከአገር ማስወጣት ቢቻል ስንት ጉልበት ይተርፍ ነበር! አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን ሁላችንም እናውቃለን። ከጀርባው ኦኒ ኒስካነን የሚባል አሠልጣኝ እንደነበረ ግን ስንታችን እናወራለን? ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ ስላልተመቸው ነው እንጂ ከአልጋው ወርዶ በቀጥታ ስለሮጠ አይደለም። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2፡12፡11 ደገመው። የሰውየውን ልፋት «ደም» ብሎ መጥራት ለእኔ ምስጋና ሳይሆን ስድብ ነው።

በቅርቡ ደግሞ የትዕግሥት አሰፋ ስም በየክርክሩ ይነሳል። «ከ800 ሜትር ተነስታ አይደል እንዴ በ2023 በርሊን ላይ በ2፡11፡53 የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው?» አዎ ናት። ሪዮ ላይ 800 ሜትር የሮጠችው በ2016 ነው፤ የመጀመሪያ ማራቶኗን የሮጠችው በ2022 ነው፣ ያውም በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ። ቀንሱት። ስድስት ዓመት። ከዚያም ያቺን ሰዓት ይዛ ተመልሳ ነው በርሊን ላይ የፈነዳችው። ይሄ የችኮላ ታሪክ ከሆነ እኔም እቸኩላለሁ።

የሚገርመው ነገር፣ እነዚያው አሸናፊዎች ራሳቸው ዝግ ማለት አያሳፍራቸውም። እንጦጦ ወይ ሰንዳፋ ጫካ በማለዳ የወጣ ሰው ያየዋል፤ የዓለም ምርጦች በቀላል ልምምድ ቀናቸው ተሰልፈው በባሕር ዛፉ መሃል እየተጠማዘዙ ቀስ ብለው ይሮጣሉ። አስፋልቱን ለተመረጡ ቀናት ብቻ ነው የሚያስቀምጡት፤ በሌላው ቀን ኮረኮንችና ሣር ይፈልጋሉ። የኛ የቢሮ ሠራተኛ ሯጭ ግን ሰባቱንም ቀን አስፋልት ላይ ነው፣ ሰባቱንም ቀን ስትራቫ ላይ ለመለጠፍ በሚያኮራ ፍጥነት ነው፣ ከዚያ ጉልበቱን በበረዶ ሸፍኖ ሥራ ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንዲህ ነው የሚደረገው፤ አሰልቺ ነው፣ እዘኑ። ግማሹን ከጨረሳችሁ በኋላ ለጥቂት ወራት ርቀት ሳትጨምሩ በሳምንት አራት አምስት ቀን መሮጥን ብቻ አስለምዱት። ከዚያ በሳምንት አንድ ረጅም ሩጫ፤ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ትጨምራላችሁ፣ በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ትቀንሳላችሁ። መቀነሱ የስንፍና አይደለም፤ አጥንት የሚጠነክረው ያኔ ነው። 30 ወይም 32 ኪሎ ሜትር ከደረሳችሁ በቂ ነው፤ ልምምድ ላይ 42 መሮጥ የሚጠቅመው ለፌስቡክ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ርቀቱን ትቀንሳላችሁ። ፍጥነቱን ከኢንተርኔት ፕሮግራም አትቅዱ፤ ብዙዎቹ የተጻፉት ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ነው፣ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንተነፍሰው። መለኪያው ወሬ ነው። ሙሉ አረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ምግቡን ደግሞ ልምምድ ላይ ልመዱት፤ በውድድር ቀን ሆድ አዲስ ነገር አይወድም። ከውጭ የሚመጣው ጄል ኪስ ያቃጥላል። እናቶቻችን በሶ የሚባል ነገር ሠርተው ሰጥተውናል እኮ! ቀጠን አድርጎ በጥብጦ ማር ጠብ ማድረግ፣ ተምር፣ ሙዝ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። ውሃ ላይ ግን «ብዙ ጠጡ» የሚለውን ምክር ተጠንቀቁ። በ2002 በቦስተን ማራቶን መጨረሻ ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶዎቹ የሶዲየም መጠናቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ነበር፤ ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ መጠጣት ነው። ይሄ ይገድላል። ሲጠማችሁ ጠጡ።

ጾም የምትጾሙ፣ የፈረንጆቹ የሚያዝያ ውድድሮች ልምምዳቸው ዐቢይ ጾም ላይ ያርፋል። ሥጋና ወተት መተው ብዙ አያስፈራም፤ ሽሮውም ምስሩም አለ። ከባዱ ጠዋት 25 ኪሎ ሜትር ሮጦ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መዋል ነው። ለዚያ መፍትሔው ሩጫውን ወደ ማምሻ ማዞር ወይም ሌላ ወቅት ላይ ያለ ውድድር መምረጥ ነው። ረመዳንም ያው ነው።

አሁን ወደ ግሩፖቹ ልመለስ፤ ምክንያቱም ዝግታን የሚያሳፍሩት እነሱ ናቸው። ረጅም ሩጫ ለኛ ለዘገምተኞቹ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ወንዱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ብቻውን ይወጣል፣ የሚያሰጋው ውሻ ነው። ሴቷ በዚያ ሰዓት ብቻዋን አትወጣም። ስትወጣም «አይዞሽ ጥሩነሽ!» ከሚላት ወያላ ጀምሮ እስከሚከተላት መኪና ድረስ አለ። ስለዚህ ግሩፕ ለእኛ ቅንጦት አይደለም፤ 30 ኪሎ ሜትር የምንሮጥበት ብቸኛ መንገድ ነው። ግሩፑ ደግሞ ምን ያደርጋል? አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጥሏት ይሄዳል። ወይ ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ትቀራለች፣ ወይ ከአቅሟ በላይ እየተከተለች ቅልጥሟን ትሰብራለች። ሁለተኛውን ነው የምትመርጠው፤ እኔ ያየኋቸው ሁሉ ሁለተኛውን ነው የመረጡት።

ከባድ ነገር አልጠየቅንም። ለሁለት ተከፈሉ፤ ዘገምተኛው ቡድን ሁለትና ሦስት ሰው ሆኖ ቀድሞ ይውጣ፣ ፈጣኑ በኋላ ይድረስበት። በየሳምንቱ አንድ ፈጣን ልጅ ተራ ደርሶት ከኋላ ይሩጥ፤ ቀላል ልምምድ ይሆንለታል፣ ከፈለገ ስትራቫውን ያጥፋው። የመጨረሻዋ ልጅ ሳትገባ የግሩፕ ፎቶ አይነሳ። ይሄ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ግሩፑን «የፈጣኖች» ብላችሁ ሰይሙትና ቁርጡን እንወቀው።